የሁለት ሴቶች መንገድ

«በቃል ያለ ይረሳል ፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ምሳሌ ሳይሰማ ያደገ ተማሪ የለም። ይህን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው መጽሐፍን ለማመስገን ነው። ዛሬ ግን የኋለኛውን ክፍል ለጊዜው እናቆየውና የፊተኛውን እንያዝ። በቃል ያለው ይረሳል ካልን የተረሳው ማን ነው? የማን ድካም ፤ የማን ጽናት ነው ሳይወረስ የቀረው? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን በአንድ መንገድ ላይ አብረው የተጓዙ የሁለት ሴቶች ታሪክ ነው። አንደኛይቱ መታሰቢያ ቆሞላታል ፤ የሁለተኛይቱን ግን ስሟን እንኳ በእርግጥ የሚናገር የለም።

ነገሩ የሆነው በሰሜን አሜሪካ ነው ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱትም ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሜሪ ድሬፐር ከአየርላንድ ከፈለሱ ወላጆች በ1732 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ተወለደች። ቤተ ሰቦቿ መሬት ፍለጋ ወደ ቨርጂኒያ ወረዱ ፤ የአሌጌኒንም ተራሮች አልፈው ድሬፐርስ ሜዶ በተባለው መስክ ላይ ሰፈሩ። ይህ ስፍራ ዛሬ የብላክስበርግ ከተማ ያለችበት ነው። በዚያም ዊልያም ኢንግልስ የተባለውን ሰፋሪ አግብታ ቶማስና ጆርጅ የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች።

የዚያን ዘመን ጸሐፊዎች ያን አገር ጠረፍ ይሉታል። ነገር ግን ጠረፍ የሚለው ቃል እንደ ተናጋሪው ነው። ለእንግሊዝ ሰፋሪ የግዛቱ ዳርቻ የሆነው ምድር ፤ ለሻውኒና ለሌሎቹ የአገሩ ነባር ሕዝቦች አድነው የሚበሉበትና የሚመላለሱበት ምድር ነበር። የቨርጂኒያ ገዥዎች ግን ከእነዚህ ሕዝቦች ጋር ሳይመክሩ በ1745 ዓ.ም. ለኮሎኔል ጄምስ ፓተንና ለባልደረቦቹ ከተራራው ማዶ 100,000 ኤከር መሬት ፈቀዱላቸው። እንግዲህ ቤት የሠራው ሰፋሪ መሬቱን በወረቀት እንዳገኘው ሲያስብ ፤ የሻውኒ ሰው ደግሞ መሬቱ በወረቀት እንደ ተወሰደበት ያይ ነበር። በ1754 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙዎቹ የአገሩ ሕዝቦች ከፈረንሳይ ጋር ወገኑ። በጁላይ 1755 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ብራዶክ በሞኖንጋሂላ ወንዝ አጠገብ ድል ሲሆን ፤ ጠረፉን የሚጠብቅ ጦር አልቀረም።

በዚያው በጁላይ ወር የሻውኒ ተዋጊዎች ድሬፐርስ ሜዶን መቱ። ወንዶቹ ከሰብል ማሳ ላይ ነበሩ። ኮሎኔል ፓተን ተገደለ ፤ የሜሪ እናት ተገደለች ፤ የወንድሟ ሚስት የቤቲ ሕፃን ልጅም ተገደለ። ቤቲ ራሷ ክንዷን በጥይት ተመታ ተማረከች። ሜሪም ከሁለቱ ልጆቿ ጋር ተማረከች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 23 ዓመት ነበር። ባሏ ዊልያም ሮጦ ከጫካ በመግባት ለጥቂት አመለጠ።

ምርኮኞቹ አንድ ወር ያህል ተጉዘው የሳዮቶ ወንዝ ከኦሃዮ ወንዝ ጋር ከሚገናኝበት ፤ ከሻውኒዎች ትልቅ ከተማ ደረሱ። በዚያም እንደ ልማዱ ምርኮኞቹ ለየቤተ ሰቡ ተከፋፈሉ። ቤቲ ወደ ሌላ ሰፈር ተወሰደች። ቶማስና ጆርጅም ከእናታቸው ተለይተው ወደ የፊናቸው ሄዱ ፤ አንደኛው አራት ዓመቱ ፤ ሁለተኛው ሁለት ዓመቱ ነበር። ሜሪ ግን መስፋት ታውቅ ነበርና ፤ የፈረንሳይ ነጋዴዎች ካመጡት ጨርቅ ሸሚዝ እየሰፋች ትሰጥ ጀመር። ሸሚዙም ስለ ተወደደ በጥሩ ዐይን ትታይ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልን እንወዳለን። ሰው ከቤቱ ሲነጠቅ ሁሉ ይወሰድበታል ፤ በእጁ ያለው ሙያ ግን አብሮት ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ወደ ምዕራብ ርቀው ፤ ዛሬ ኬንታኪ በተባለው ክፍል ወደሚገኝ ቢግ ቦን ወደሚባል የጨው ምንጭ ወሰዷት። ቢግ ቦን ትልቅ አጥንት ማለት ነው ፤ ይህንም ስም ያገኘው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የጠፉት የዝሆን ዘመዶች አጥንት በጭቃው ውስጥ ስለሚገኝ ነው። ሥራዋ ጨዋማውን ውሃ በማሰሮ እያፈሉ ጨው ማውጣት ነበር። ሁለተኛይቱን ሴት ያገኘቻት በዚህ ነው። በዕድሜ የገፋች ፤ ከጀርመን ወገን የሆነች ፤ ከፔንሲልቫኒያ በኩል ተማርካ የመጣች ሴት ነበረች። ሁለቱም ተማክረው ለመሸሽ ቆረጡ። አንድ አንድ ብርድ ልብስ ይዘው ፤ አንዲት ትንሽ መጥረቢያም ጨምረው ፤ የዱር ፍሬ እንለቅማለን ብለው ወጡና ሳይመለሱ ቀሩ።

መንገድ አያውቁም ፤ ካርታ የላቸውም። ሜሪ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር ፤ በምርኮ ስትመጣ የወረደችው ወንዝን ተከትላ ነው ፤ ስለዚህ ወንዙን ሽቅብ ከተከተለች ከቤቷ ትደርሳለች። እኛ ሰዎች ጽናት ሲባል ጡንቻና ግትርነት ይመስለናል። ይህች ሴት ግን የዳነችበትን ዕውቀት የሰበሰበችው በመከራዋ ቀን ነው። ልጆቿን ይዛ በምትነዳበት ጊዜ ፤ እናቷ በተገደለችበት ሰሞን ፤ ዐይኗ የትኛው ወንዝ ከየት እንደሚገባ ይመለከት ነበር። ይህ ከሮጦ አዳሪ ጉልበት የሚበልጥ ነገር ነው።

ችግሩ ሁለቱም ዋና አለማወቃቸው ነበር። ወደ ኦሃዮ የሚፈስ ገባር ወንዝ በመጣ ቁጥር ፤ የሚሻገሩበት መልካ እስኪያገኙ ድረስ ገባሩን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ ፤ ከተሻገሩም በኋላ በማዶው ተመልሰው ይወርዳሉ። ስለዚህ ቀጥታው መንገድ እየተጠማዘዘ እጥፍ ሆነባቸው። መንገዱን የለኩት ሰዎች ግምት ይለያያል ፤ ብዙዎቹ ግን ከ800 እስከ 950 ኪሎ ሜትር ያደርሱታል። ጊዜውም ከ40 ቀን በላይ ነበር። ከሻውኒዎቹ ከተማ ፊት ለፊት ሲደርሱ ከወንዙ ወዲህ ካለ ማሳ በቆሎ አገኙ ፤ አንድ ፈረስም አግኝተው በቆሎውን ጫኑት። ቢግ ሳንዲ በተባለው ወንዝ ላይ ግን ፤ ጎርፍ ባከማቸው ግንድ ላይ ሊያሻግሩት ሲሞክሩ ፈረሱ ከግንዱ መካከል ሰምጦ ተቀርቅሮ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ምግባቸው የወደቀ የዱር ፍሬና የማያውቁት ሥር ሆነ። ጫማቸው አለቀ ፤ ልብሳቸው ተቀደደ ፤ ብርዱም እየበረታ ሄደ።

ረኀብ በመጨረሻ የአሮጊቷን አእምሮ ነካው። በጓደኛዋ ላይ ተነሥታ ልትገድላት ሞከረች። ሜሪ በወጣትነቷ ብርታት ከእጇ አምልጣ ሮጠች። ሌሊቱንም አሮጌ ታንኳ አግኝታ ፤ ቀዝፋ የማታውቀው ሴት በእንጨት ስባሪ እየቀዘፈች ወንዙን ተሻገረች። ሲነጋ አሮጊቷ ከማዶ አየቻትና እንድትመለስላት ለመነቻት። ሜሪ አልተመለሰችም። ሁለቱም ያንኑ ወንዝ ይዘው ፤ አንዷ በወዲህ አንዷ በወዲያ ፤ ለየብቻቸው ጉዞውን ቀጠሉ።

ሜሪ ከቤቷ ልትቃረብ ስትል ወንዙ ዳር ዳሩን የሚያልፉበት ቦታ የሌለው ገደል ገጠማት። ተርባ ፤ እግሯ አብጦ ፤ ያን ገደል ለመውጣትና ለመውረድ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀባት። ከማዶው የበቆሎ ማሳ አየች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተጣራች። ማሳው አዳም ሃርማን የተባለ የቀድሞ ጎረቤቷ ነበርና በድምፅዋ ዐወቃት። ወደ ቤቱ ወስዶ እግሯን በሞቀ ውሃ አጠበ ፤ ምግብም እንዳይጎዳት ጥቂት በጥቂት አበላት። ባሏና ወንድሟ ያን ጊዜ አልነበሩም ፤ ምርኮኞቹን የሚያስለቅቅላቸው አማላጅ ፍለጋ ወደ ቼሮኪ ሕዝብ አገር ሄደው ነበር። ሲመለሱ አገኟት። ጠጉሯ ከዚያ መከራ በኋላ ነጭ እንደ ሆነ ይነገራል።

ታሪኩን የሚተርኩ ብዙዎች እዚህ ላይ አብቅተው ያጨበጭባሉ። እኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ከዚህ በኋላ ያለው ነው እንላለን። ሜሪ ገና በሃርማን ቤት ሳለች ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ አሮጊቷን እንዲፈልግላት ለመነችው። ሃርማን መጀመሪያ እሺ አላለም ፤ ልትገድልሽ የተነሣችውን ሴት ብሎ ነገሩን ገፋው። ሜሪ ግን ልመናዋን አልተወችም። በመጨረሻ ሰውዬው ፈረሱን ይዞ ሄደ። አሮጊቷም አዳኞች ትተውት ከሄዱት ሰፈር ምግብ አግኝታ ሰንብታ ፤ ፈረስም አግኝታ በዚያው ተቀምጣ ስትመጣ ከመንገድ ተገናኙ። ሁለቱ ሴቶች በተያዩ ጊዜ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከጥቂት ቀን በኋላ አሮጊቷ ወደ ፔንሲልቫኒያ ወደ አገሯ ጉዞ ጀመረች ፤ ከታሪክም መዝገብ በዚያው ወጣች።

እንግዲህ አንባቢያችን እንዲህ ብሎ ይመርምር። መንገዱ አንድ ነው ፤ ረኀቡ አንድ ነው ፤ ብርዱ አንድ ነው። እንዲያውም አሮጊቷ ያን መንገድ የሄደችው በብዙ ዓመት የዕድሜ ሸክም ነው። ታዲያ አንደኛይቱ ስሟ ሲጠራ ሁለተኛይቱ «አሮጊቷ ጀርመናዊት» ብቻ ተብላ የቀረችው ስለ ምንድን ነው? ጽናት ስላነሳት አይደለም። ነገሩ ሌላ ነው። ሜሪ ከቤቷ ደርሳ ሌሎች አራት ልጆች ወለደች ፤ ከባሏም ጋር በኒው ወንዝ ላይ የመሻገሪያ ጀልባ አቋቁመው ኖሩ ፤ በ1815 ዓ.ም. በ83 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ታሪኳን ለልጆቿና ለልጅ ልጆቿ ነገረች። ከእነርሱም አንዱ ፤ በ1766 ዓ.ም. የተወለደው ጆን ኢንግልስ ፤ ከእናቱ የሰማውን በ1824 ዓ.ም. ገደማ በእጁ ጻፈው። ሰዋስው የጠነቀቀ ሊቅ አልነበረም ፤ ግን ጻፈ። ኋላም በ1886 ዓ.ም. የልጅ ልጇ ልጅ ጆን ፒተር ሄል በመጽሐፍ አሳተመው። አሮጊቷ ግን የሰማ ልጅ ኖሯት ቢሆን እንኳ የጻፈላት አልተገኘም። ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ይህንም ያንንም ስም ሰጥተዋታል ፤ የሚተማመኑበት ግን አልሆነም።

አንዳንድ አንባቢ «ጓደኛዋን ልትገድል የተነሣች ሴት ምን መታሰቢያ ይገባታል?» ሊለን ይችላል። መልሱን እኛ አንሰጥም ፤ ሜሪ ሰጥታዋለች። በሞት አፋፍ ላይ የደረሰባትን ያወቀችው እርሷ ናት ፤ ፈልጉልኝ ያለችውም እርሷ ናት ፤ አቅፋ ያለቀሰችውም እርሷ ናት። የተበደለችው ይቅር ያለችውን ፤ ከ250 ዓመት በላይ ርቀን በሙቅ ቤት የተቀመጥን እኛ ልንፈርድባት አይገባንም።

የብዕር አድልዎ በዚህ ብቻ አያበቃም። የሜሪ ታናሽ ልጅ ጆርጅ በምርኮ ሞተ። ታላቁ ቶማስ ግን በሻውኒዎች መካከል አደገ። አባቱ መጀመሪያ በላከው ሰው አማካይነት ቤዛ ተከፍሎለት ሲመለስ ፤ ልጁ ከመንገድ አምልጦ ወደ አሳደጉት ሰዎች ተመለሰ። በኋላ አባቱ ራሱ ሄዶ በ1768 ዓ.ም. አመጣው። ከተማረከ 13 ዓመት ሆኖት ነበር ፤ የ17 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ቋንቋው ሻውንኛ ፤ ልብሱና ልማዱም የዚያው ሕዝብ ነበር። ከወላጆቹ ቤት ገብቶ እንግሊዝኛ እንደ አዲስ ተማረ ፤ በሰፋሪዎች ቤት መኖርም ብዙ ጊዜ ይጨንቀው ነበር። አሁን እንጠይቅ። ልጅ ወደ እነርሱ አምልጦ እስኪመለስ ድረስ የወደዳቸው እነዚያ አሳዳጊዎች ፤ ሲወሰድባቸው ምን አሉ? በዚያ ጦርነትና ከዚያ ወዲያ ሰፈራቸው ሲቃጠልና ከምድራቸው ሲገፉ ልጆቻቸውን ይዘው ዱር ለዱር የተንከራተቱት የሻውኒ እናቶች ጽናት ከየት ተጽፎአል? ያ ዘመን ስለ ሰፋሪዎች ሴቶች ምርኮ ብዙ መጻሕፍት ሲያሳትም ፤ ስለ እነዚያኞቹ እናቶች ግን አልጻፈም ማለት ይቻላል። ይህን ስንል የሜሪን መከራ ለማሳነስ አይደለም። እናቷን በዐይኗ እያየች ያጣች ሴት ዕንባ በማንም ዕንባ አይሰረዝም። ነገር ግን ያንዱ መጻፍ የሌላውን አለመጻፍ ሊሸፍነው አይገባም ለማለት ነው።

ብዕር ይረሳል ብቻም ሳይሆን ይጨምራልና ይህንም መናገር ያስፈልጋል። ሄል ባሳተመው መጽሐፍ ሜሪ በምርኮዋ ጉዞ ላይ ሴት ልጅ እንደ ወለደችና ስትሸሽ ሕፃኒቱን ትታ እንደ ሄደች ይነገራል። ልጇ ጆን ከእናቱ ሰምቶ በጻፈው ውስጥ ግን ይህ ነገር የለም። ስለዚህ ብዙ ታሪክ ተመራማሪዎች ይጠራጠሩታል። ታሪኩን ይበልጥ የሚያሳዝን ያደረገው ይኸው ክፍል ደግሞ በልብ ወለድና በጨዋታ ከሁሉ ይልቅ የገነነው ሆነ። ዘግይቶ የተጻፈ ቃል እንዲህ ነው ፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይቀንሳል ወይም ያብጣል።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት የምናነሣው ስለ አሜሪካ ታሪክ ለማስተማር ብቻ አይደለም። በእያንዳንዳችን ቤት ያልተጻፈ መንገድ የሄደች ሴት አለችና ነው። በጦርነት ዘመን ልጅ አዝላ ከወንዝ ወንዝ የተሻገረች አያት ፤ ባሏ ሞቶ ልጆቿን በእንዝርትና በእንሥራ ያሳደገች እናት በየመንደሩ ሞልተዋል። እኛ ግን በተማርንበት መጠን ከእነርሱ ጋር መቀመጥ እየከበደን ሄዶአል። ለበዓል ቤታችን ስንሄድ የምንጠይቃቸው ስለ ጤናቸው ነው ፤ ስለ ሕይወታቸው አንጠይቅም። እነርሱም ተማረ ላሉት ልጅ የድሮ ነገር ማውራት ያፍራሉ። እንዲህ ስንተፋፈር ቀኑ ይመሻል ፤ ለቀብር ስንጠራም የሕይወት ታሪክ ጻፍ እንባልና የትውልድ ዓመታቸውን እንኳ ለመጻፍ ከጎረቤት እንጠይቃለን።

በቢሮ ያላችሁት ወጣቶች ደግሞ አንድ ሌላ ሥራ አላችሁ። ቃለ ጉባኤና ሪፖርት የሚጽፈው ብዙ ጊዜ የእናንተ እጅ ነው። በሪፖርታችን ውስጥ «እና ሌሎች» የምትል አጭር ቃል አለች። ስንት ሰው ፤ ይልቁንም ስንት ሴት ፤ በዚህች ቃል ውስጥ እንደ ተቀበረ እግዚአብሔር ይወቀው። በአንድ ወረዳ ጎርፍ ሲደርስ ጎረቤቷን በገመድ ስባ ያወጣችው ሴት በሪፖርቱ ውስጥ «የአካባቢው ሕዝብ» ትባላለች ፤ ቦታውን በማግስቱ የጎበኘው ሹም ግን ከነማዕርጉ ይጻፋል። አንድ መስመር ጨምሮ ስሟን መጻፍ ወረቀት አይጨርስም።

ጆን ኢንግልስ የታሪክ ሊቅ አልነበረም ፤ የእናቱን ቃል የሰማ የገበሬ ልጅ ነበር። እናቱ ካረፈች በኋላ ዘጠኝ ዓመት ያህል ዘግይቶ እንኳ ብዕሩን ቢያነሣ ፤ ዛሬ በራድፎርድ ከተማ የሚያልፍ መንገደኛ መታሰቢያዋን አይቶ ይቆማል። የአሮጊቷን ግን የት ሄዶ ያየዋል? እርሷም ያንን ሁሉ ወንዝ ሽቅብ ወጥታለች። ስለዚህ ምክራችን ረጅም አይደለም። በሚቀጥለው እሑድ ወደ እናታችሁ ወይም ወደ አያታችሁ ቤት ስትሄዱ ደብተር ያዙ። የነገሯችሁን ሳታሳምሩ ፤ ሳትጨምሩ ጻፉ። በታሪካቸው ውስጥ አብራቸው ተርባ ፤ አብራቸው ተሰዳ የነበረች ሌላ ሴት ከተነሣችም ፤ ስሟ ማን ነበር ብላችሁ ጠይቁ ፤ ከነአባቷ ስም ጻፉ።